አዲስ መኪና ከዲለር ስትገዙ፦ ከክሬዲት ሪፖርት እስከ ቁልፍ ርክክብ

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ በተለይ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ አካባቢ ሆናችሁ አዲስ መኪና ከዲለር ለመግዛት ላሰባችሁ ነው። ሌላ ስቴት ብትኖሩም አካሄዱ ያው ነው። የሚለያየው የታክሱና የአንዳንድ ክፍያዎች መጠን ነው።

ብዙ ሰው አዲስ መኪና ይዞ ሲመጣ "በስንት ገዛኸው?" ተብሎ ሲጠየቅ "በወር 640" ብሎ ይመልሳል። የመኪናው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ወለዱ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ፣ ውሉ ላይ ምን እንደተጨመረ አያውቅም። ይህ የሚሆነው ሰውየው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ ማለትም የመኪናው ዋጋ፣ ብድሩና የአሮጌው መኪና ቅያሪ፣ ተቀላቅለው በአንድ የወር ክፍያ ስለሚቀርቡለት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ሦስቱን ለያይቶ አንድ በአንድ ለመጨረስ የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ (ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት)

*የክሬዲት ሪፖርታችሁን አውጡ።* ሪፖርት የሚይዙት ሦስቱ ትልልቅ ድርጅቶች ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ናቸው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱንም በነፃ ታያላችሁ። በራሳችሁ ስታዩት ነጥባችሁ አይቀንስም። መጀመሪያ ስማችሁንና አድራሻችሁን እዩ። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ባንክ ጋ አንድ ዓይነት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የማታውቁት ዕዳ ወይም የማታውቁት አድራሻ ካለ ለድርጅቱ አመልክቱ። ለማጣራት በአብዛኛው 30 ቀን አላቸው። አንድ ወር ቀደም በሉ ያልኩትም ለዚህ ነው።

*ክሬዲት ገና ከሌላችሁ።* የፋይኮ ነጥብ (አበዳሪዎች በብዛት የሚያዩት የክሬዲት ነጥብ) ለማግኘት ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አካውንት ያስፈልጋል። አዲስ ገብታችሁ ከሆነ በመያዣ የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ አውጡ፤ ትንሽ ትንሽ ተጠቀሙበት፤ በሰዓቱ ክፈሉ። እስከዚያ ድረስ አዲስ መኪና በከባድ ወለድ ከመግዛት ርካሽ ያገለገለ መኪና መንዳት ይሻላል። ይህን ምክር ብዙ ሰው አይወደውም፤ እኔ ግን አጥብቄ የምለው ነው።

*ወረቀት አሰናዱ።* መንጃ ፈቃድ፣ የቅርብ ጊዜ ሁለት ፔይ ስተብ፣ አድራሻ የሚያሳይ ቢልና የኢንሹራንስ ካርድ ያዙ። ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱ ከሆነ ፔይ ስተብ ስለሌላችሁ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀትና የባንክ ስቴትመንት ይጠየቃል። ታክስ ስታስገቡ ወጪውን ሁሉ ቀንሳችሁ ገቢያችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ከሆነ አበዳሪውም የሚያየው ዝቅ ያለውን ነው። በእጅ የሚገባውን ብትነግሩት ወረቀቱን ነው የሚያምነው።

*የዕቁብ ገንዘብ ካለ አሁኑኑ ባንክ አስገቡ።* ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ክስ አይደለም፤ ታክስም አያስከፍልም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብላችሁ ዛሬ 9,000፣ ነገ 6,000 እያላችሁ ብትከፋፍሉት ግን ገንዘቡ የላባችሁ ቢሆንም መከፋፈሉ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን አስገቡ። ዕቁቡ የደረሳችሁን ቀንና መጠኑን የሚያሳይ ወረቀትም አስቀምጡ።

*ኢንሹራንሱን ቀድማችሁ ጠይቁ።* በብድር የተገዛ መኪና ሙሉ ሽፋን ያስፈልገዋል፤ አበዳሪው ያስገድዳል። የምታስቡትን ሞዴልና ዓመቱን ለኢንሹራንሳችሁ ንገሩና የወሩን ክፍያ ጻፉት። ለሥራ የምትነዱት ከሆነም አሁኑኑ ተናገሩ። ተራ የግል ኢንሹራንስ ኡበር ላይ እያላችሁ ለሚደርስ አደጋ በአብዛኛው አይከፍልም። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ የሚመጣውን የፕሮፐርቲ ታክስ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ። አዲስ መኪና ላይ የመጀመሪያው ዓመት ቢል ያስደነግጣል።

ደረጃ 2፦ ብድሩን ከዲለሩ ውጭ ያዙ

ዲለር ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ቦታ የብድር ቅድመ ፈቃድ (ፕሪአፕሩቫል) ጠይቁ። አንዱ ክሬዲት ዩኒየን ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ከትልልቅ ባንኮች ያነሰ ወለድ ይሰጣሉ። ማመልከቻዎቹን በ14 ቀን ውስጥ ጨርሱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለመኪና ብድር የተደረጉ ጥያቄዎች ነጥባችሁ ሲሰላ እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ከእያንዳንዱ አበዳሪ ሦስት ነገር በጽሑፍ ተቀበሉ፦ ኤፒአሩን (የብድሩን የዓመት ወለድ በፐርሰንት)፣ የወራቱን ብዛትና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን። ቀድሞ መክፈል ቅጣት እንዳለውም ጠይቁ።

የወራቱ ነገር ጊዜ ይፈልጋል። 30,000 ዶላር በ6 ፐርሰንት ተበደራችሁ እንበል።

- በ60 ወር፦ በወር 580 ዶላር ገደማ፣ ጠቅላላ ወለዱ 4,800 ገደማ
- በ72 ወር፦ በወር 497 ገደማ፣ ወለዱ 5,800 ገደማ
- በ84 ወር፦ በወር 438 ገደማ፣ ወለዱ 6,800 ገደማ

የወሩ ክፍያ ሲቀንስ ደስ ይላል። ግን በ84 ወር የምትከፍሉት መኪና በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ላይ ብትሸጡት ዕዳውን ላይሸፍን ይችላል። በ60 ወር የማይቻል ከሆነ ወራቱን ከማርዘም ወደ ረከሰ ሞዴል ውረዱ። የወለዱ ፐርሰንትም ረጅም ብድር ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ ከፍ እንደሚል አትርሱ፤ ከላይ ያሰላነው ፐርሰንቱ እኩል ሆኖ ቢቆይ ብለን ነው።

*ኮሳይን የሚያደርግላችሁ ሰው ካለ።* ወንድምም ይሁን የሰፈር ልጅ፣ ፊርማው ለምስክርነት አይደለም። እናንተ ካልከፈላችሁ ሙሉውን ዕዳ እሱ ይከፍላል፤ የዘገየ ክፍያ ሁሉ በእሱም ሪፖርት ላይ ይገባል። እሱ ቤት ሊገዛ ቢያስብ ይህ ብድር እንደራሱ ዕዳ ይቆጠርበታል። ይህን ሳትነግሩት አታስፈርሙት። የአበዳሪውን አካውንት በስልኩ እንዲያይ ፍቀዱለት።

*በሃይማኖት ምክንያት ወለድ የማትከፍሉ ከሆነ* የአምራቾቹን የ0 ፐርሰንት ቅናሽ ጊዜ ጠብቁ። አንዳንድ አምራቾች በተመረጡ ሞዴሎች ላይ ያወጡታል፤ ጥሩ ክሬዲት ግን ይጠይቃል። ውሉ ላይ ለዘገየ ክፍያ የተጻፈውንም አንብቡ።

ደረጃ 3፦ ዋጋውን በጽሑፍ ሰብስቡ

አሁንም ዲለር አትሂዱ። የፈለጋችሁትን ሞዴል ካወቃችሁ በኋላ ለአራት ወይም ለአምስት ዲለሮች የኢንተርኔት ሽያጭ ክፍል በኢሜይል ወይም በቴክስት ጻፉ። የምትጠይቁት ነገር ስሙ "አውት ዘ ዶር ፕራይስ" ነው። ታክስ፣ ሰሌዳና የዲለሩ ክፍያ ሁሉ ተደምሮ መኪናው ከበር ሲወጣ የሚጠይቀው የመጨረሻ ዋጋ ማለት ነው። መልእክታችሁ አጭር ይሁን፦

1. የምትፈልጉት ሞዴል፣ ዓመትና ደረጃ (ትሪም)
2. የምትኖሩበት ዚፕ ኮድ፣ ታክሱ እንዲሰላ
3. ዋጋው በዝርዝር እንዲላክ፦ የመኪናው ዋጋ፣ የተጨመሩ ዕቃዎች፣ የፕሮሰሲንግ ክፍያ፣ ታክስ፣ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) እና ሰሌዳ፣ ጠቅላላ ድምር
4. የመኪናው ቪን ቁጥር (መለያ ቁጥሩ) እና የመስኮቱ ስቲከር ፎቶ

ስለ ብድርና ስለ አሮጌ መኪና ምንም አትጻፉ። "በካሽ ነው ወይስ በብድር?" ካሉ "መጀመሪያ ዋጋውን ልወቅ፤ ሁለቱም ይቻላል" በሉ። ካሽ ነው ብሎ መጀመር ቅናሽ ያስገኛል የሚለው ወሬ በአዲስ መኪና ላይ ብዙም አይሠራም። ዲለሩ ከብድርም ያተርፋል። ብድር እንደማትወስዱ ቀድሞ ካወቀ ዋጋው ላይ ጠንከር ሊል ይችላል።

መልሱ ሲመጣ እንዲህ አንብቡት።

*ስቲከሩ።* እያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮቱ ላይ የአምራቹ ዋጋ የተለጠፈበት ወረቀት እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያዛል። የማጓጓዣው ክፍያ እዚያ ድምር ውስጥ ገብቷል። ዲለሩ በራሱ ዝርዝር ላይ ማጓጓዣን እንደገና ከጻፈ ሁለት ጊዜ እያስከፈላችሁ ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ከስቲከሩ ጎን ሌላ ትንሽ ወረቀት ካለ እሱ የዲለሩ ነው። "ማርኬት አድጀስትመንት" (ዲለሩ በራሱ የሚጨምረው ዋጋ)፣ የጎማ ናይትሮጅን፣ የቀለም መከላከያ፣ መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ የሚባሉት እዚያ ይገባሉ። እነዚህን ሕግ አያስገድዳችሁም። አንሱልኝ በሉ። መኪናው ላይ ስለተገጠመ አይነሳም ካሉ ገንዘቡን ከዋጋው ላይ እንዲቀንሱ ጠይቁ።

እዚያው ስቲከር ላይ መኪናው በመጨረሻ የተገጣጠመበት አገር ተጽፏል። እዩት፤ ገንዘብ አለው። ከ2025 እስከ 2028 ድረስ አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ አዲስ የግል መኪና በብድር የገዛ ሰው በዓመት እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ወለድ ከሚታከስበት ገቢው ላይ መቀነስ ይችላል። ገቢ ለአንድ ሰው ከ100,000፣ ለባልና ሚስት ከ200,000 ሲያልፍ መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ቪን ቁጥሩን ታክስ ስታስገቡ ትጽፉታላችሁ።

*ታክሱ።* ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 ፐርሰንት ያስከፍላል። ቨርጂኒያ 4.15 ፐርሰንት ነው። ዲሲ ደግሞ የመኪናውን ክብደት ያያል። ታክሱ የሚሰላው መኪናውን በምታስመዘግቡበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ አሌክሳንድሪያ ሄዳችሁ ብትገዙ የሜሪላንዱን ነው የምትከፍሉት።

*የፕሮሰሲንግ ክፍያ።* ይህ የዲለሩ የወረቀት ሥራ ክፍያ ነው እንጂ የመንግሥት አይደለም። ሜሪላንድ ጣሪያ አበጅታለታለች፤ ቨርጂኒያ የላትም። ለማንም አንቀንስም ይላሉ። አትከራከሩ፤ ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ ላይ እንዲቀንሱ ጠይቁ። እናንተን የሚያሳስባችሁ የመጨረሻው ድምር ብቻ ነው።

*"ና እንጂ፣ ዋጋ በስልክ አንሰጥም" ካሉ* ሌላ ዲለር ጋ ጻፉ። የሚጽፍ አይጠፋም። ከመጡት ውስጥ ዝቅተኛውን ለሌሎቹ ላኩና "ከዚህ ዝቅ ትላላችሁ?" በሉ። የወሩ መጨረሻ አካባቢ መልሳቸው ብዙ ጊዜ ፈጠን ይላል።

ደረጃ 4፦ አሮጌውን መኪና ለብቻው ዋጋ አስወጡ

የምትሰጡት አሮጌ መኪና ካለ እንደ ካርማክስና ካርቫና ካሉ ገዢዎች ዋጋ ውሰዱ። የካርማክስ ዋጋ ለ7 ቀን ይጸናል። ያንን ወረቀት ኪሳችሁ ያዙ። ዲለሩ ከዚያ በታች ካቀረበ ሌላ ቦታ ትሸጡታላችሁ። በአንዳንድ ስቴቶች የአሮጌው ዋጋ ከሚታከሰው ላይ ስለሚቀነስ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ለዲለሩ መስጠቱ ሊሻል ይችላል። ቨርጂኒያ ግን ይህ ቅናሽ የለም።

በአሮጌው ላይ ዕዳ ካለ ለአበዳሪው ደውላችሁ የመዝጊያውን መጠን በቀን ወስናችሁ ጠይቁ። ዕዳው 14,000 ሆኖ መኪናው 11,000 ካወጣ የጎደለው 3,000 ወደ አዲሱ ብድር ይገባል። "አሮጌውን ዕዳ እኛ እንዘጋላችኋለን" ማለት ይሄ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ከቻላችሁ ያንን 3,000 ከፍላችሁ ጀምሩ። ካልቻላችሁ አሮጌውን ትንሽ ንዱት።

ደረጃ 5፦ ሾውሩም ውስጥ

በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ ማታ ሊዘጉ ሲሉ አትግቡ። ብርሃን እያለ መኪናውን በደንብ ታያላችሁ፤ ባንክም ክፍት ስለሆነ መደወል ይቻላል።

*እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን ልጃችሁ አይሁን።* የ15 ዓመት ልጅ የብድር ውል ሊተረጉም አይገባውም። ብድር ወስዶ የሚያውቅ አዋቂ ለምኑ። ሥራውም ተለይቶ ይነገረው፦ "እኔ ሳልጠይቅህ እሺ አትበል፤ ዋጋ አትናገር።"

*ሻጩ የአገራችሁ ልጅ ከሆነ።* ጥሩ ነው፤ በቋንቋችሁ ትግባባላችሁ። ግን ዋጋውን የሚወስነው ማናጀሩ ነው፤ ብድሩንና ውሉን የሚያዘጋጀውም ሌላ ሰው ነው። ልጁ ቢወዳችሁም ውሉ ላይ ያልተጻፈውን ሊያስፈጽምላችሁ አይችልም። እዚህ ላይ ይሉኝታ ብዙ ሰው ያስከፍላል። "እሱን እንዳላሳፍር" ብላችሁ አትፈርሙ። የነገራችሁን ሁሉ "እባክህ እዚህ ላይ ጻፍልኝ" በሉት።

*ወረቀቱን በአራት የሚከፍለው ሰው።* አንዳንድ ቦታ ሻጩ ባዶ ወረቀት ያወጣና መስቀል ያሰምርበታል። አንዱ ሳጥን ውስጥ የመኪናው ዋጋ፣ በሌላው አሮጌው መኪና፣ በሦስተኛው ቅድመ ክፍያ፣ በአራተኛው የወር ክፍያ ይጽፋል። ከዚያ እስክሪብቶው የወሩ ክፍያ ላይ ይቆማል። "በወር ስንት ቢሆን ይመችሃል?" 500 ካላችሁ 500 ያደርገዋል፤ ወራቱን ወደ 84 ያረዝመዋል፣ ወይም የአሮጌውን ዋጋ ዝቅ ያደርገዋል። ቁጥሩ ከአንዱ ሳጥን ወጥቶ በሌላው ይገባል። መልሳችሁ አንድ ብቻ ይሁን፦ "ስለ ወር ክፍያ አላወራም። የላካችሁልኝ ዋጋ ይሄ ነው፤ ትቀበላላችሁ?" የታተመውን ኢሜይል አስቀምጡለት።

ሌሎች ጥንቃቄዎች፦

- ለሙከራ ስትነዱ መንጃ ፈቃዳችሁን ኮፒ ያድርጉትና ወዲያው ይመልሱ። የአሮጌውን መኪና ቁልፍ ለግምት ከሰጣችሁም እንዲሁ። ቁልፋችሁ ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ቁጭ አትበሉ።
- ዋጋው ሳያልቅ የክሬዲት ማመልከቻ አትሙሉ። መኪናውን ለሙከራ ለመንዳት ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ አያስፈልጋቸውም።
- መኪናው በመንገድ ላይ ሆኖ ቀብድ ከጠየቁ በክሬዲት ካርድ ስጡ። "ተመላሽ ይሆናል" የሚል የተፈረመ ወረቀት ተቀበሉ። ቪን ቁጥሩና ዋጋው እዚያው ላይ ይጻፍ።

ዋጋው ቀድሞ ከተላከላችሁ በላይ ከሆነ ምክንያቱን አንድ ጊዜ ጠይቁ። ካልተስተካከለ ተነሱና ውጡ። ብዙ ጊዜ ፓርኪንግ ሳትደርሱ ይጠሯችኋል፤ ባይጠሯችሁም ሁለተኛው ዲለር አለ።

ደረጃ 6፦ የፋይናንስ ክፍል

ዋጋው አልቆ እጅ ከተጨባበጣችሁ በኋላ ወደ ሌላ ትንሽ ቢሮ ትገባላችሁ። ደክሟችኋል፣ ተርባችኋል፣ መኪናው ታጥቦ በር ላይ ቆሟል። ብዙ ሰው በደረጃ 3 ያተረፈውን የሚመልሰው እዚህ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ምሳ ብሉ፤ የምሬን ነው።

*መጀመሪያ የብድር ውድድር።* "5.9 ፐርሰንት ይዣለሁ፤ ከዚያ የምታወርዱት ከሆነ አሳዩኝ" በሉ። ዲለሩ ከባንክ ባገኘው ወለድ ላይ የራሱን ጭማሪ ማድረግ ይችላል፤ እናንተ ግን ጭማሪውን አታዩትም። ባንኩ 6 ብሎ እናንተ 8 ከተባላችሁ በ30,000 ዶላር የ60 ወር ብድር ላይ ልዩነቱ 1,700 ዶላር ገደማ ነው። ቅድመ ፈቃዱ የሚጠቅማችሁ ለዚህ ነው።

0 ፐርሰንት እና የገንዘብ ቅናሽ አማራጭ ሆነው ከቀረቡ ሁለቱንም አስሉ። 30,000 በ0 ፐርሰንት በድምሩ 30,000 ነው። 3,000 ቅናሽ ወስዳችሁ ቀሪውን 27,000 በ6 ፐርሰንት ለ60 ወር ብትበደሩ 31,300 ገደማ ትከፍላላችሁ። እዚህ ላይ 0 ፐርሰንቱ ያዋጣል። ቅናሹ ትልቅ ወይም ወራቱ አጭር ሲሆን ደግሞ መልሱ ይገለበጣል።

*ቀጥሎ የሚሸጡላችሁ ነገሮች።* የተራዘመ ዋስትና፣ ጋፕ፣ የጎማና የቸርኬ ዋስትና፣ የወንበር መከላከያ፣ ቅድመ የተከፈለ ሰርቪስ ይቀርባሉ። "በወር 18 ዶላር ብቻ" ይባላል። በ72 ወር 1,296 ነው፤ ወለዱም በላዩ አለ። ሁልጊዜ ሙሉ ዋጋውን ጠይቁ።

ጋፕ ለአንዳንዶቻችሁ ይጠቅማል። መኪናው ተሰርቆ ወይም ከጥቅም ውጭ ሆኖ ኢንሹራንስ የከፈለው ከዕዳው ካነሰ ልዩነቱን ይሸፍናል። ትንሽ ቅድመ ክፍያ ይዛችሁ በረጅም ጊዜ የምትከፍሉ ከሆነ ያዙት፤ ግን ከዲለሩ በፊት ኢንሹራንሳችሁንና ክሬዲት ዩኒየኑን ጠይቁ። እዚያ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ጥሩ ቅድመ ክፍያ ካላችሁ አያስፈልጋችሁም። የተራዘመ ዋስትናን በዚያ ቀን አትግዙ። አዲስ መኪና የፋብሪካ ዋስትና አለው፤ ያ ሳያልቅ በኋላም መግዛት ይቻላል።

"ባንኩ ይህን ካልገዛችሁ አያበድርም" ከተባለ የትኛው ባንክ እንደሆነ ጠይቁና "በጽሑፍ ስጡኝ" በሉ። ብዙውን ጊዜ ወሬው እዚያው ያበቃል።

*ውሉን ማንበብ።* ታብሌት ላይ ጣታችሁን እያስቀመጡ ቢያስቸኩሏችሁ "ወረቀቱን አትሙልኝ" በሉ። የብድሩ ውል ላይ በሕግ የግድ በሳጥን የሚቀመጡ ቁጥሮች አሉ። ጣታችሁን እያንዳንዳቸው ላይ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

1. ኤፒአር፦ የተስማማችሁበት ወለድ መሆኑን
2. ፋይናንስ ቻርጅ፦ በዶላር የምትከፍሉት ወለድ
3. አማውንት ፋይናንስድ፦ የተበደራችሁት። ከአውት ዘ ዶሩ ዋጋ ላይ ቅድመ ክፍያችሁን፣ አሮጌውን መኪና ለዲለሩ ከሰጣችሁም ዋጋውን ቀንሱ፤ ያልተዘጋ የአሮጌው ዕዳና ወዳችሁ የገዛችሁት ነገር ካለ ደምሩ፤ እኩል መምጣት አለበት። ከበለጠ የተደበቀ ነገር ሊኖር ይችላል
4. ቶታል ኦፍ ፔይመንትስ፦ የሁሉም ወር ክፍያ ድምር
5. ቶታል ሴል ፕራይስ፦ ቅድመ ክፍያው ጭምር

ሦስተኛው ካልገጠመ አትፈርሙ። ዝርዝሩ ያለበትን ገጽ አስወጡና እያንዳንዱን መስመር "ይሄ ምንድን ነው?" እያላችሁ ጠይቁ። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይም አትፈርሙ። ማመልከቻው ላይ የተጻፈውን የወር ገቢያችሁንም እዩ። ብድሩ እንዲያልፍ ብለው ከፍ አድርገውት ከሆነ የፈረማችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ተጠያቂም ትሆናላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ "በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል" የሚባለው ነገር ዲለር ቤት ገብታችሁ ለገዛችሁት አዲስ መኪና አይሠራም። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ ቤታችሁ መጥቶ ለሚሸጥ ሰውና ለመሰል ሽያጭ ነው። ከፈረማችሁ መኪናው የናንተ ነው።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡን መክፈል

ከመሄዳችሁ በፊት ዲለሩ ምን ዓይነት ክፍያ እንደሚቀበል ጠይቁ።

*ካሸርስ ቼክ።* ባንኩ ራሱ ገንዘቡን ቀድሞ ይዞ የሚያወጣው ቼክ ነው፤ ለትልቅ ክፍያ በጣም ይሠራበታል። በዲለሩ ሕጋዊ ስም ይጻፍ፤ ትክክለኛውን አጻጻፍ ከዋጋው ወረቀት ላይ ገልብጡ። መጠኑ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ሳይታወቅ ቼኩን አታሠሩ።

*የክሬዲት ዩኒየኑ ቼክ።* ቅድመ ፈቃድ ካላችሁ አንዳንዶቹ እስከተወሰነ መጠን የሚሞላ ቼክ ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ በቀጥታ ለዲለሩ ይልካሉ። ዲለሩ ይህን እንደሚቀበል ከአንድ ቀን በፊት አረጋግጡ።

*ክሬዲት ካርድ።* ብዙዎቹ ለቅድመ ክፍያ ብቻ፣ እስከተወሰነ መጠን ይቀበላሉ። ጭማሪ እንዳለው ጠይቁ።

*ዋየር።* የአካውንት ቁጥሩን በኢሜይል ከላኩላችሁ በራሳችሁ ባገኛችሁት የዲለሩ ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። የሌላ ሰው ኢሜይል ጠልፈው የራሳቸውን ቁጥር የሚልኩ አጭበርባሪዎች አሉ፤ የሄደ ዋየር ደግሞ አይመለስም። በሻጩ የግል ስም በዜል ክፈሉ ከተባላችሁ ደግሞ ወዲያው ውጡ።

*ጥሬ ገንዘብ።* ከ10,000 ዶላር በላይ ከከፈላችሁ ዲለሩ ፎርም 8300 የሚባለውን ሞልቶ በ15 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ ይልካል። መታወቂያችሁን ይጠይቃል፤ የተለመደ ነገር ነው። "ፎርሙ እንዳይሞላ ከፋፍለህ ክፈል" የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። ለሁሉም ቢሆን ገንዘቡን ባንክ አስገብቶ በቼክ መክፈል ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት

- ቪን ቁጥሩን ከመኪናው መስታወት ሥር፣ ከውሉና ከኢንሹራንሱ ላይ አስተያዩ። አንድ ፊደል እንኳ አይለያይ።
- ስማችሁ በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለው ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ታይትል ላይ የተሳሳተ ስም ማስተካከል ቀን ይፈጃል።
- ማይሉን ውሉ ላይ ካለው ጋር አነጻጽሩ። ዙሪያውን በብርሃን እዩ፤ ጭረት ካለ ፎቶ አንሱ።
- ሁለት ቁልፍ ተቀበሉ።
- "ምንጣፉን በኋላ እንልካለን"፣ "ያቺን ጭረት እንሠራታለን" ካሉ "ዊ ኦው" በሚባለው (ዲለሩ የቀረበትን የሚጽፍበት) ወረቀት ላይ ተጽፎ ይፈረም።
- የፈረማችሁትን ሁሉ ኮፒ፣ ጊዜያዊ ሰሌዳውንም ጭምር ይዛችሁ ውጡ።

የዲለሩ ብድር ከሆነ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ "ባንኩ አጽድቆታል ወይስ ገና ነው?" ገና ከሆነ መኪናውን እዚያው ተዉትና ሲጸድቅ ኑ። አሮጌውን መኪናችሁንም አትስጡ።

ነገር ሲበላሽ

*"ፋይናንሱ አላለፈም፤ ተመልሳችሁ ኑ" ተብሎ ከተደወለ።* ይህ ከሳምንት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የከበደ ወለድ ወይም ተጨማሪ ቅድመ ክፍያ ነው። አትደናገጡ፤ በስልክም አትስማሙ። የቀደመውን ውል አውጡና ብድሩ ካልጸደቀ ምን እንደሚሆን የሚለውን አንብቡ። ብድሩ ውድቅ የሆነበትን በጽሑፍ ጠይቁ። የራሳችሁ ቅድመ ፈቃድ ካለ ያንን አቅርቡና ዋጋው ሳይነካ ይዝጉት። ከሌለ አዲስ ውል የመፈረም ግዴታ የለባችሁም። ውሉ ከፈረሰ መኪናውን ትመልሳላችሁ፤ ቅድመ ክፍያችሁና አሮጌው መኪናችሁ ደግሞ ሊመለሱላችሁ ይገባል። ስትመልሱ ማይሉንና የመኪናውን ሁኔታ ፎቶ አንሱ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ።

*የአሮጌው መኪና ዕዳ አልተዘጋ ከሆነ።* ዲለሩ ይከፍላል ብላችሁ ክፍያ አታቁሙ። ዜሮ መሆኑን በዓይናችሁ እስክታዩ ክፈሉ፤ የተረፈው ይመለስላችኋል። የዘገየ ክፍያ የሚመዘገበው በናንተ ስም ነው።

*ቋሚ ሰሌዳው ካልመጣ።* ጊዜያዊው ከማለፉ ሁለት ሳምንት በፊት ደውሉ፤ ከዚያም በኢሜይል ጻፉ። ካልመለሱ ሜሪላንድ ያላችሁ ለኤምቪኤ (የስቴቱ የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤት)፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ለሞተር ቪሂክል ዲለር ቦርድ አመልክቱ። ለማታለል ነገር ደግሞ የየስቴቱ አቶርኒ ጄነራል የሸማቾች ክፍል አለ። ስታመለክቱ ውሉን፣ ኢሜይሉንና የተደወለበትን ቀን አያይዙ።

*ሳታውቁ ጋፕ ወይም የተራዘመ ዋስትና ገብቶባችሁ ከሆነ።* ውሉ ላይ የመሰረዣውን አንቀጽ ፈልጉ። በአብዛኛው መሰረዝ ይቻላል፤ ቶሎ ከሆነ ሙሉው፣ ከዘገየ ያልተጠቀማችሁበት ይመለሳል። ጥያቄውን በጽሑፍ ለዲለሩም ለዋስትናው ድርጅትም ላኩ። ገንዘቡ የሚመለሰው ለናንተ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው፤ የወሩ ክፍያም አይቀንስም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት አልተመለሰልኝም ብሎ ይተወዋል። የምታዩት ዋናው ዕዳ ላይ ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የብድሩን ስቴትመንት ክፈቱ። ቀሪው ዕዳ በተሰረዘው ልክ ካልወረደ የስረዛውን ወረቀት ይዛችሁ ለአበዳሪው ደውሉ።